የደጋው አየር ተከሰሰ፤ ጥፋቱ ግን ሳጥኑ ውስጥ ነበር፦ የአንድ የደሴ የድንኳን ሳውንድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተነሳው ደሴ ውስጥ ለሰርግ፣ ለመንዙማና ለምርቃት ሳውንድ ከሚያከራይ አንድ ቤት ነው። ቤቱ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦዎች አሉት። ፋብሪካ የሠራቸው አይደሉም፤ እዚያው ከተማ አናጢ ቤት ከኮምፔንሳቶ ተገጣጥመዋል። በእያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ባለ 15 ኢንች ውፈር፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣ ድምፅ ማጉያ፣ አለ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ሆርን ለብቻው በትንሽ ሳጥን ሆኖ ከላይ ይቀመጣል። የባለቤቱ ቅሬታ አጭር ነበር፦ «ወላሂ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደረት ይመታ ነበር፤ ሐረጎን ሲወጣ ሞተ።» ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው።

በድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ነበር። በሴቶች በኩል የተቀመጡት «የሚሰማን ጥሩምባ ብቻ ነው» ይላሉ፤ በወንዶች በኩል ድቤው እንደነገሩ ይሰማል። ከዚያ ላይ አንዱ ውፈር በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል።

ባለቤቱ የከሰሰው አየሩን ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ «ቀጭን አየር ቤዝ አይሸከምም» የሚለው አባባል በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። ክሱ ጨርሶ ከመሬት የተነሳ ስላልሆነ መጀመሪያ መመርመር የነበረበት እሱ ነው።

በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 74 በመቶ፣ እፍጋቱ 78 በመቶ ያህል ነው። ውፈር የሚገፋው አየር ሲሳሳ ድምፁም አብሮ ይቀንሳል፤ ሲሰላ ደሴ ላይ ከባሕር ጠረፍ አንጻር የሚጠፋው ወደ 2.1 ዴሲቤል ነው። ኮምቦልቻ ላይ እፍጋቱ 83 በመቶ ስለሚሆን የሚጠፋው 1.6 ዴሲቤል ገደማ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ግማሽ ዴሲቤል ያህል ነው። ይህን ያህል ጆሮ እምብዛም አይለየውም፤ ደረት ከመምታት ወደ መሞት የሚያደርስማ ፈጽሞ አይደለም።

የሳጥኑ ቅኝትስ? ባቲና አምባሰል ቅኝት ሆነው በወጡበት አገር ቃሉ ለማንም አይከብድም። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ሁሉ የራሱ ቅኝት አለው፤ በቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር ክብደት ሆኖ፣ በሳጥኑ ውስጥ የታሰረው አየር ስፕሪንግ ሆኖ አብረው የሚወዛወዙበት አንድ ድምፅ ነው። ከፍታ ሲጨምር ክብደቱም ስፕሪንጉም እኩል ይሳሳሉ፤ ስለዚህ ቅኝቱ ካለበት አይነቃነቅም። የሚያንቀሳቅሰው ሙቀት ብቻ ነው፤ እሱም በጥቂቱ።

ከፍታ በእርግጥ የሚለውጣቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም ለሥራው ጠቃሚ ስለሆኑ ይያዙ። አንደኛ፣ በውፈሩ ካታሎግ ላይ የሚጻፈው የአየር ልክ፣ ማለትም የወረቀቱን (የሚወዛወዘውን የውፈሩን ፊት) ልስላሴ የሚተካከለው የአየር መጠን፣ የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው፤ ለደሴ በ0.74 መባዛት አለበት። 160 ሊትር የተባለው ደሴ ላይ ወደ 118 ሊትር ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ስስ አየር ኮይሉንም (ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅል) አምፕሊፋየሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ተርቦ የሌለው ጄኔሬተር በዚህ ከፍታ ከኃይሉ ሩቡን ያህል ያጣል። ቤዙ ሲመታ አምፖሉ የሚደበዝዝ ከሆነ አምፕሊፋየሩም ያኔ ይራባል።

ደብተሩ የተናገረው

የኪራይ ደብተሩ ተገልጦ ቀኖቹ በተራ ሲደረደሩ ነገሩ መልክ ያዘ። የተመሰገነው የኮምቦልቻ ሰርግ የተሠራው ውፈሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቃጠሉ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ከዚያ ደሴ ላይ ተቃጠለ፣ ኮይሉ ተጠቀለለ፣ ተመለሰና ተገጠመ፤ ሁለተኛ ሲቃጠልም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ሳውንዱ ወደ ኮምቦልቻ አልወረደም። ደጋና ወይና ደጋ ተብሎ የተከፈለው ነገር እውነተኛው ድንበሩ ከጥገናው በፊትና ከጥገናው በኋላ ነበር ማለት ነው።

ሌሎች ልዩነቶችም ነበሩ። ኮምቦልቻ ላይ ሥራው አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ሳጥኖቹ ቆመው ከብሎኬት ግድግዳ ጥግ ተጠግተው፣ በመብራት ኃይል መስመር፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቻናል። ደሴ ላይ ድንኳን ነው። የድንኳኑ ጎን ዝቅተኛ ስለሆነና ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ እንዳይጥላቸው ሲባል ሳጥኖቹ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ መብራቱ ጄኔሬተር ነው። ከአምፕሊፋየሩ አንዱ ቻናል ስለተበላሸ ሁለቱም ሳጥኖች በቀረው ቻናል ላይ ተንጠልጥለዋል።

ሳጥኖቹ

ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቁመት 120፣ ስፋት 60፣ ጥልቀት 50 ሴንቲ ሜትር፣ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ። የውስጡ ልክ 116.4 በ56.4 በ46.4 ሲሆን 305 ሊትር ይሆናል፤ ማግኔቱ፣ መደገፊያ እንጨቱና የመሳሰለው ሲቀነስ 280 ሊትር ገደማ ይቀራል። ሁለቱ ውፈሮች ከፊት ጣውላው መሀል ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ተቀምጠዋል፤ ከመሀል እስከ መሀል 42 ሴንቲ። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፣ በድምሩ አራት የአየር ቀዳዳ አለ፤ እያንዳንዱ 11 ሴንቲ ስፋት ያለው ባዶ ቀዳዳ ነው፣ ቱቦ የለውም። በመሀል የሚከፍል ጣውላ ስለሌለ ሁለቱ ውፈሮች አንድ አየር ይጋራሉ። የኋላው ጣውላ ኮላ ሳይነካ በቪቴ ብቻ ተይዟል። ለሥራው ሲከፈት ይህ በጀ፤ ለድምፁ ግን ማፏጫ ነበር።

ለመለየት እንዲመች ያልተነካው «ሀ»፣ የተጠገነ ውፈር ያለበት «ለ» ተባለ።

ፍተሻው

በቴስተር ይጀመራል። ሽቦው ከአምፕሊፋየሩ ተነቅሎ እያንዳንዱ ውፈር ለብቻው ሲለካ ሦስቱ 5.8 ኦም አነበቡ። ባለ 8 ኦም ውፈር በቴስተር ከ5.5 እስከ 6.5 ቢያነብ ጤነኛ ነው። የተጠገነው 3.9 አነበበ። ጠቅላዩ ያገኘውን ወፍራም ሽቦ ጠቅልሎ ባለ 8 ኦሙን ባለ 4 አድርጎታል። ሁለቱ ፓራለል (ጎን ለጎን) ሲገናኙ ዝቅ ያለው ኦም ብዙውን ይስባል፤ ከሚመጣው ኃይል 60 በመቶው በተጠገነው፣ 40 በመቶው በደህናው ያልፋል። ሁለተኛው ቃጠሎ የተጻፈው ገና ጠቅላዩ ቤት ነው። ሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ተከትሎ) ቢገናኙም መዳኛ አይሆንም፤ ያኔ ብዙውን የሚበላው ባለ ከፍተኛ ኦሙ ይሆናል።

አራቱ ውፈሮች አንድ ቻናል ላይ ሲደመሩ ደግሞ ቴስተሩ 1.3 ኦም ያህል ሰጠ። የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ከ4 ኦም በታች አትውረዱ ይላል። በየዘፈኑ መሀል ቀዩ የፕሮቴክት መብራት ይበራ የነበረው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የባትሪ ድንጋይ። አንድ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ፕላሱ በውፈሩ ቀይ ምልክት፣ ማይነሱ በሌላው ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ይነካል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ደህናው ውፈር ወረቀቱን ወደ ውጭ ገፋ። የተጠገነው ወደ ውስጥ ሳበ። የኮይሉ ሁለት ጫፎች ተገላብጠው ተበይደዋል።

ይህ በአንድ አየር ላይ ምን ያህል ጥፋት እንደሆነ ለማየት ሙዚቃ ተከፍቶ ከአየር ቀዳዳው ፊት የሶፍት ቁራጭ ተያዘ። በሳጥን «ሀ» ሶፍቱ ተንቀጠቀጠ፣ ቤዝ ሲመታ ወደ ውጭ ተነፋ። በሳጥን «ለ» ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። አንዱ ወረቀት ወደ ውጭ ሲወጣ ሌላው ወደ ውስጥ ስለሚገባ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል እንጂ አይጨመቅም፤ ካልተጨመቀ በቀዳዳው የሚወጣ የለም፣ ስፕሪንግ ሆኖ ወረቀቱን የሚይዝም የለም። ከፊት በኩልም የአንዱ ግፊት የሌላውን ይበላል። ወረቀቶቹ እስከ ጥጋቸው ይዘላሉ፣ ቤዝ ግን የለም። ሠራተኛው የሚያየው ቤዙ መጥፋቱን ስለሆነ የቤዙን ቁልፍ ይጨምራል፤ የሚጨመረው ሁሉ ኮይል ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። «ለ» የሚቆመው በሴቶች በኩል ነበር።

እስከዚህ ያለው አንድ ጥገና ያመጣው ጣጣ ነው። ግን የመጀመሪያው ቃጠሎ ከጥገናው በፊት ስለሆነ በዚህ አይገለጥም። ስለዚህ ጤነኛው ሳጥን «ሀ» ተፈተሸ።

ጤፍ ወረቀት ላይ

ሳጥኑ በጀርባው ተኝቶ ውፈሮቹ ወደ ሰማይ እንዲያዩ ይደረጋል። በጥቁሩ ወረቀት ላይ በሁለት ጣት የተቆነጠረች ነጭ ጤፍ ትበተናለች። ከስልክ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ ተከፍቶ፣ አምፕሊፋየሩ ዝቅ ብሎ፣ ከ80 ሄርዝ (በሰከንድ 80 ውዝዋዜ) ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። በ80 ጤፏ ትዘላለች፤ በ70 መዝለሉ ይቀንሳል፤ 60 አካባቢ ጤፏ ባለችበት ጸጥ ትላለች፤ ድምፁ ግን አልጠፋም፣ እጅ በቀዳዳው ላይ ሲደረግ ነፋሱ ይሰማል። ቅኝቱ እዚያ ነው፤ በዚያች ድምፅ ላይ ሥራውን ቀዳዳው ይሠራዋል፣ ወረቀቱ ያርፋል። ወደ 50፣ ወደ 45 ሲወርድ ጤፏ ካለችበት ተስፈንጥራ መሬት ላይ ወረደች። መሀል ያለው የአቧራ መከላከያ ቆብ የተቀደደ ከሆነ ይህ አይሞከር፤ አንዲት ፍሬ ኮይሉ ክፍተት ውስጥ ከገባች ዕድሜ ልኩን ይፋቃል።

ስሌቱም ከጤፏ ጋር ይስማማል። አራቱ ቀዳዳዎች በድምሩ 380 ካሬ ሴንቲ ናቸው፤ የጣውላው ውፍረት 1.8 ሴንቲ ሲሆን በሁለቱም ጫፍ አብሮ የሚወዛወዘው አየር ሲጨመር 11 ሴንቲ ያህል ርዝመት ይሆናል፤ በ280 ሊትር ላይ 60 ሄርዝ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ቃጠሎ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ነው፤ ኪቦርድ ከዚያም ይወርዳል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ከቅኝቱ በታች ወረቀቱን መያዝ ያቆማል፤ ወረቀቱ ሜዳ ላይ ያለ ያህል ይዘላል፣ ድምፁ ደግሞ በፍጥነት ይወድቃል። 60 ላይ የተቃኘ ሳጥን «ጉም ጉም» የሚል አንድ ወጥ ቤዝ ያወጣል፤ ብዙ ሰው ጠንካራ ቤዝ የሚለው እሱን ነው፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። አናጢው ቀዳዳውን የቀደደው ከሌላ ሳጥን አይቶ ነው፤ ያ ሳጥን ቱቦ እንደነበረው ከውጭ አይታይም።

የተጋደመው ሳጥን

የሴቶቹ ቅሬታ ግማሹ በፕላስና ማይነሱ ተፈታ። የቀረው ግማሽ ከማጋደሙ የመጣ ነው፤ በሳጥን «ሀ» በኩል በጥግ የተቀመጡ ወንዶችም የዘፋኙ ቃል አይለይም ይሉ ነበር።

ሁለቱ ውፈሮች እስከ 1,200 ሄርዝ አብረው ይሠራሉ፤ ከዚያ በላይ ሆርኑ ይረከባል። ቤዝ ላይ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ሁለቱ እንደ አንድ ናቸው፤ በ60 ሄርዝ ሞገዱ 5 ሜትር ተኩል ያልፋል፣ በመሀላቸው ያለው 42 ሴንቲ ምንም አይደለም። በ800 ሄርዝ ግን ሞገዱ 42.5 ሴንቲ ነው። ከፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ከሁለቱም እኩል ይርቃል፣ ድምፁ ይደመርለታል። ወደ ጎን 30 ዲግሪ ያህል የተቀመጠ ሰው ግን ከአንዱ ይልቅ ለሌላው 21 ሴንቲ ይቀርባል፤ ግማሽ ሞገድ ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ድምፁ ይጠፋል። በ1,200 ጉድጓዱ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል፣ በ500 ወደ 55 ይሸሻል። የሰው ድምፅ ቃል ከሚለይበት ክፍል ጉልህ ድርሻው በዚሁ መሀል ስለሆነ፣ መንዙማ አውራጁ ፊት ለፊት ጥርት ብሎ፣ በጎን በኩል በርሜል ውስጥ እንዳለ ይሰማል።

ሳጥኑ ሲቆም ይኸው ጉድጓድ አይጠፋም፤ ወደ ድንኳኑ ጣሪያና ወደ መሬት ይዞራል። እዚያ የሚቀመጥ የለም።

የተመዘኑት አቀማመጦች

ሳጥኖቹ እንደገና ሊሠሩ ከሆነ ውፈሮቹን በሌላ መንገድ ማስቀመጥም ይቻል ነበር። አንዱን ከሌላው ፊት ለፊት አፍ ለአፍ አጋጥሞ እንደ አንድ ማሠራት ሳጥኑን በግማሽ ያሳንሳል፤ ለጫኝ ደስ ይላል። ግን ሁለት ውፈር ገዝቶ የአንዱን ድምፅ መስማት ነው፤ አንዱ ብቻውን ያወጣ የነበረውን ድምፅ ለማግኘት እጥፍ ኃይል ይበላል። በደከመ ጄኔሬተር ለሚሠራ ቤት ይህ አይታሰብም።

አንዱን ውፈር ማግኔቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ገልብጦ፣ ሽቦውንም ገልብጦ ማገናኘት ሌላው ነው። ወረቀቱ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲሄድ እኩል ባለመሆኑ የሚመጣውን መዛባት አንዱ የሌላውን ያጣፋል፤ ለቤት ውስጥ ሳጥን ጥሩ ዘዴ ነው። ለድንኳን ግን ማግኔትና ሽቦ ከፊት ወጥቶ፣ ሕፃናት በሚሮጡበትና በክረምት ዝናብ በሚያንጠባጥብበት ቦታ አይሆንም።

አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ጎን ማዞር ቤዝን አይጎዳም፤ ቃሉን ግን ያበላሻል። ስለዚህ አንዱ ከሌላው በላይ የሚለው የአናጢው ምርጫ ትክክል ነበር፤ የጎደለው መከፋፈሉ፣ ቅኝቱና የታችኛውን ውፈር ከቃል፣ ማለትም ከሰው ድምፅ ክልል፣ ማራቁ ነው።

የተሠራው

የኋላው ጣውላ ተፈትቶ 56.4 በ46.4 ሴንቲ የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በሁለቱ ውፈሮች መሀል በአግድም ገባ። በሦስቱ ጠርዝ ኮላ፣ በየ10 ሴንቲው ቪቴ፤ ኋላ የሚነካው ጠርዝ ላይ የስፖንጅ ጠርዝ ተለጠፈ፤ ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ በሲሊኮን ተደፈነ። እያንዳንዱ ክፍል 137 ሊትር ያህል ሆነ፣ ከራሱ ውፈርና ከሁለት ቀዳዳ ጋር። አንዱ ውፈር ቢሞት ሌላው አየሩን አያጣም፤ በአንድ አየር ላይ ግን የሞተው ወረቀት ልክ እንደ ተቀደደ ግድግዳ ይወዛወዛል። ሌላም ጥቅም አለው፤ 116 ሴንቲ የነበረው የውስጥ ቁመት 146 ሄርዝ ላይ ያንቋርር ነበር፣ ሲከፈል ወደ 300 ወጣ፤ እዚያ 3 ሴንቲ ስፖንጅ በጎንና በጀርባ ሲለበጥ በመጠኑ ይዋጣል። ስፖንጁ ከቀዳዳዎቹ ጀርባ አይድረስ፤ ነፋሱን ያንቃል።

ለቅኝቱ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ በ10 ሴንቲ በ10 ሴንቲ ተቆርጦ ለሁለቱ ሳጥኖች ስምንት ቁራጭ ወጣ። የድሮው ቀዳዳ 11 ሴንቲ ስለሆነ ቱቦው ልክ ገባ። የውስጡ ስፋት 10.4 ነው፤ በ137 ሊትር ላይ ሁለቱ 45 ሄርዝ ይሰጣሉ። የአራቱ ስፋት ድምር 340 ካሬ ሴንቲ ነው፤ ሁለቱ ወረቀቶች 1,710 ያህል ስለሆኑ አንድ አምስተኛ ነው። ከዚያ ካነሰ ቀዳዳው ማፏጨት ይጀምራል። የቱቦው ሁለቱ አፎች በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ክብ ተደረጉ።

የታችኛው ውፈር ከቃል እንዲርቅ በፕላሱ መስመር ላይ 5 ሚሊ ሄንሪ የመዳብ ጥቅል ገባ። ባለ 1.2 ሚሊ ሜትር ቫርኒሽ የተቀባ የሞተር ሽቦ፣ ውስጡ 4.1 ሴንቲ፣ ወርዱ 2 ሴንቲ በሆነ የእንጨት መጠቅለያ ላይ 305 ዙር ያህል፤ ሽቦው ወደ 62 ሜትር፣ መዳቡ ከ600 ግራም ትንሽ በላይ ይሆናል። ከ250 ሄርዝ በላይ የታችኛው ውፈር ቀስ እያለ ይወርዳል፤ 800 ላይ ከላይኛው በ10 ዴሲቤል ያንሳል፤ ያኔ በጎን የሚታየው ጉድጓድ ይሞላል። የጥቅሉ የራሱ ኦም 0.9 ያህል ነው፣ ከቤዙ የሚበላው 1 ዴሲቤል ያህል። ጥቅሉ ከማግኔቱ ርቆ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታሰረ። በብረት ብሎን መሀሉን ወግቶ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው፤ ብረቱ የጥቅሉን ልክ ይለውጠዋል።

ለሳጥን «ለ» ሁለት አንድ ዓይነት አዲስ ውፈር በጥንድ ተገዛ። ከእሱ የወጣው ደህናው ውፈር መለዋወጫ ሆኖ ተቀመጠ። ባለ 3.9 ኦሙ ብቻውን ለመድረክ ሞኒተር ይሁን ተባለ፤ ማንንም ካልተጎራበተ ችግር የለበትም። ውፈር ሲጠገን ለጠቅላዩ ሁለት ነገር ይነገረዋል፤ የሽቦው ውፍረትና ዙር ከተፈታው ጋር እኩል ይሁን፣ ቀዩ ምልክት በባትሪ ድንጋይ ይፈተሽ።

የተበላሸው ቻናል ተጠግኖ «ሀ» በግራ፣ «ለ» በቀኝ ሆኑ፤ ለእያንዳንዱ 4 ኦም። ከሚክሰሩ በኋላ ባለው ኢኳላይዘር ከ40 ሄርዝ በታች ያለው ተቆረጠ፣ የማይኮች ሁሉ የ80 ሄርዝ መቁረጫ ተጫነ፤ የማይክ እንጨት ሲነካ የሚመጣው ዱብታ ወረቀቱን ከቤዝ ጊታር በላይ ያስዘልለዋል።

ሳጥኖቹ ቆሙ። ከሥራቸው 80 በ80 ሴንቲ ጣውላ ተደረገ፣ ወገባቸው ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር በገመድ ታሰረ። ሆርኑ ከተቀመጠ ሰው ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ ወጣ።

የመጀመሪያው ምሽት ያወጣው ጉድ

ቱቦዎቹ መጀመሪያ የተያዙት በእንጨት ኮላ ነበር። በሦስተኛው ሰዓት አንዱ ወደ ውስጥ ወድቆ ሳጥኑ እንደ ተናዳፊ ንብ ማጉረምረም ጀመረ። ኮላ ፕላስቲክ አይዝም፤ ቱቦው ከውጭ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሰጋቱራ በተቀላቀለበት ኢፖክሲ ከተያዘ ወዲህ አልተነቃነቀም።

ሌላው ቀጭን ፉጨት ነው። ከየት እንደሚመጣ በጆሮ አልተገኘም። 45 ሄርዝ ዝቅ ብሎ ተከፍቶ የዕጣን ጭስ በየስፌቱ አጠገብ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ በእጀታው ብሎን በኩል ጭሱ ተቆራርጦ ተመታ። እጀታው ተፈትቶ ከሥሩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ማሸጊያ ገባለት። የኋላው ጣውላም በስፖንጅ ጠርዝና በየ10 ሴንቲው በቪቴ ተዘጋ፤ አሁንም ኮላ አልተቀባም፣ ነገ መከፈቱ አይቀርም።

ያልተፈታም አለ። ባለ 15 ኢንች ወረቀት እስከ 1,200 ሄርዝ ሲሠራ ከላይኛው ጫፍ ድምፁን እንደ ባትሪ ጨረር ያጠባል፤ የታችኛውን ማራቅ ይህን አያድንም። መፍትሔው ሆርኑን ዝቅ ብሎ በሚጀምር ትልቅ ሆርን መቀየር ነው፤ ለጊዜው ተትቷል። ሳጥኖቹ በድንኳኑ ግራና ቀኝ 8 ሜትር ተራርቀው ሲቆሙ ደግሞ በ60 ሄርዝ አንድ ሰው ለአንዱ በ2.8 ሜትር ከቀረበ ቤዙ ይጠፋበታል። በመሀል መንገድ የሚቆም ሰው «ቤዝ አለ»፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን የሄደ «የለም» የሚለው በዚህ ነው። ለቃል ብዙም ለማይጨነቅ ጭፈራ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ከአንድ ጎን ማቆም ቤዙን ይሰበስበዋል፤ ለመንዙማ ግን ተራርቀው ይቁሙ።

ከዚህ በኋላ ሳውንዱ ደሴ ላይ ሠርቶ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ያው አዳራሽ፣ ያው የብሎኬት ጥግ። ባለቤቱ ደወለ፦ «አሁን ደግሞ በዛ፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።» ጥግ ሦስት ግድግዳ ነው፤ መሬቱና ሁለቱ ብሎኬቶች ቤዙን መልሰው ይደምሩታል፣ ቅኝቱ ከ60 ወደ 45 ስለወረደ የሚደመረውም በዛ። ሠራተኞቹ ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ሊያርቁት ነበር፤ ይህ 57 ሄርዝ ላይ ጉድጓድ ይከፍታል፣ ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ግማሽ ሞገድ ዘግይቶ ስለሚደርስ። ሳጥኖቹ ከግድግዳው እንደተጠጉ ከጥጉ ብቻ ሦስት ሜትር ራቁ፣ የቤዙ ቁልፍ ከነበረበት በ5 ዴሲቤል ወረደ፤ መስኮቱ ዝም አለ።